የግቢዬ ሣር ኅዳር ላይ ገለባ መሰለ፤ ለጥር ሰርግ ይደርስልኛል?

የማርቆሷ (ኅዳር 20)

ሰላም ናችሁ? ደብረ ማርቆስ ነኝ። ግቢያችን ውስጥ 60 ካሬ የሚሆን ሣር አለን። ከሦስት ዓመት በፊት ነው ያስተከልነው፣ ሻጩ ኪኩዩ ነው ብሎ ሸጠልን። ክረምቱን ሙሉ ማጨድ እስኪሰለቸን ድረስ ሲያድግ ከረመ። መስከረም ላይማ መንገደኛ በር ላይ ቆም ብሎ ነበር የሚያየው። ኅዳር ከገባ ወዲህ ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገለባ መሰለ። ስረግጠው ይንኮሻኮሻል።

ታናሽ እኅቴ ጥር 17 ታገባለች። ድንኳኑ የሚተከለው እዚሁ ሣር ላይ ነው፣ ሌላ ቦታ የለንም። እናቴ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ቆማ «እንግዲህ ሰው የምንጠራው እዚህ አውድማ ላይ ነው?» ትላለች፣ እኔን እያየች።

እውነት ለመናገር የእኔም እጅ አለበት። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስልኬ ላይ አንድ የፈረንጅ ቪዲዮ አይቼ ነበር፣ ከሥሩ በአማርኛ ትርጉም ያለው። «ሣርዎን ከክረምት በፊት ማዳበሪያ ይመግቡ» ይላል። አባቴ ለጤፍ ካመጣው የተራረፈ ዩሪያ ነበረን፣ ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው፣ በእጄ እየዘገንሁ በተንሁት። ውኃም አጠጣሁት። ለሁለት ሳምንት ያህል ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ እንዴት እንዳማረ! ከዚያ አንድ ጠዋት ስነሣ ሣሩ ላይ ነጭ ነገር ተነጥፏል። የወንድሜ ልጆች «በረዶ ዘነበ» እያሉ ሮጡበት። እንዲህ የሆነው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። የልጆቹ ኮቴ እንኳ እስካሁን ጠቁሮ ይታያል፣ ተሰልፎ።

ሌላም አለ። ኅዳር 12 ኅዳር ሲታጠን ቅጠላ ቅጠሉን ጠርጌ ያነደድሁት ሣሩ ጥግ ላይ ነው። እዚያ ጋ ምጣድ የሚያህል ጥቁር ክብ ቀርቷል።

የገረመኝ ግን ወይራው ሥር ያለው ሣር ምንም አልሆነም። እንዳማረበት አለ። ታች ግንቡ ጋ ያለው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። በሽታ ይሆን? ሞቷል? ውኃ ባበዛበት ይመለሳል? ውኃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ እሱም ሌሊት። ወይስ ዩሪያውን ልድገመው?


ባንጃ (ኅዳር 20)

ኧረ ዩሪያውን ተይው በማርያም!

እኔ እንጅባራ ነኝ። የሰው ግቢና የእንግዳ ማረፊያ ሣር ስንከባከብ ነው የኖርሁት፣ ስለዚህ የአንቺ ዓይነቱን ነገር በየዓመቱ አያለሁ። ሣርሽ አልሞተም። በሽታም አይደለም። ውርጭ ነው የመታው፣ ማስረጃውን ደግሞ ራስሽ ጽፈሽዋል፤ ወይራው።

ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ይላል። መሬቱ ቀን ሲሞቅ የዋለውን ሌሊት ወደ ላይ ይለቀዋል፣ ደመና ስለሌለ የሚመልስለት የለም። ክፍት ቦታ ላይ ያለው ሣር እየቀዘቀዘ እየቀዘቀዘ ሄዶ አመዳይ ይይዘዋል። ወይራው ሥር ያለው ግን ጣሪያ አለው። ግንቡ ጋ የባሰበት ምክንያት ሌላ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፣ ልክ እንደ ውኃ ወደ ዝቅታው ይወርዳል። ግንቡ ይገድበውና እዚያው ተኝቶ ያድራል። ግንቡ ሥር የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ካለና ከተደፈነ ክፈችው። ለጎርፍ ብቻ አይደለም፣ ብርዱም በዚያ ይወጣል። ቀልድ ይመስላል ግን እውነት ነው፣ አንድ ግቢ ውስጥ በር ከሌለው ግንብ ወደ ፍርግርግ በር ሲቀየር ሣሩ እንዴት እንደተሻለው በዓይኔ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው «ማርቆስ ላይ እኮ ዜሮ አልገባም፣ 3 ዲግሪ ነው ያለው» ይላል። ቴርሞሜትር የሚሰቀለው ሰው ቁመት ላይ ነው። ያን ሌሊት መሬቱ ላይ፣ ሣሩ ቅጠል ላይ፣ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል።

የልጆቹን ኮቴ በተመለከተ፣ ውርጭ ያዘለ ቅጠል ውስጡ ያለው ውኃ ረግቷል። ሲረገጥ እንደ ብርጭቆ ነው የሚሰበረው። ለዚህ ነው ሌላው ቡናማ ሲሆን ኮቴው የጠቆረው። ከእንግዲህ ሣሩ ነጭ ሆኖ ባደረ ቀን ፀሐይ ወጥቶ እስኪያሟሟው ድረስ፣ እስከ ሦስት ሰዓት በይው፣ ማንም እንዳይረግጠው። ውሻም ቢሆን።

አሁን አለመሞቱን አረጋግጪ። ቡናማውን ሣር ጨብጠሽ ወደ ላይ ሳቢው። እምቢ ካለሽ ሥሩ ይዟል። ከነሥሩ በቀላሉ ከመጣልሽ ያ ቦታ አልቆለታል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መሬት ለመሬት የሚሳበውን ወፍራሙን ሐረግ በጥፍርሽ ፋቂው። ውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ሕይወት አለው። ደርቆ እንደ እንጨት ቀሽ ካለ የለውም። ሦስተኛ፣ ካላመንሽኝ፣ ከመካከሉ ጭልፋ በሚያህል ልክ ከነአፈሩ ቆርጠሽ በጣሳ አድርጊና መስኮት ላይ፣ ፀሐይ የሚገባበት ቤት ውስጥ አስቀምጪው። ትንሽ ትንሽ አጠጪው። ሁለት ሳምንት ጠብቂ።

ዩሪያውን ላስላልሽ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ለ100 ካሬ አንድ ኪሎ ይበቃል፣ እሱም ሰኔ ላይ ዝናብ ሲይዝ። ለአንቺ 60 ካሬ 600 ግራም ማለት ነው። አምስት እጥፍ ነው የሰጠሽው! ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ያማረሽ ለዚያ ነው። ያ ሁሉ ግን ለጋ ቅጠል ነው፣ ውኃ የሞላው። ውርጭ ደግሞ የሚወደው እሱን ነው። ባትጨምሪበትም ቡናማ መሆኑ አይቀርም ነበር፣ ግን ቀስ ብሎ፣ ከላይ ከላይ። እኔ ከመስከረም በኋላ ለኪኩዩ ዩሪያ አልሰጥም።


ጣና ዳር (ኅዳር 21)

እኔ አልስማማም። ባሕር ዳር ነኝ፣ ሣሬ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ምስጢሩ ውኃ ብቻ ነው። ማታ ማታ ጎማውን ክፍት አድርገሽ ተኚ፣ በሁለት ሳምንት ይመለሳል። ሰው ነገር ሲያከብድ ይገርመኛል።


ባንጃ (ኅዳር 21)

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጣናም አጠገብህ ነው። ማርቆስ ከ2,400 ይበልጣል። በየ1,000 ሜትሩ ወደ ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል ብትል በእናንተና በእነሱ መካከል አራት ዲግሪ አለ። አራት ዲግሪ ማለት በጋቢ ማደርና በብርድ ልብስ ላይ ጋቢ ደርቦ ማደር ማለት ነው። አንተ ጋ ሣሩን የሚያስቸግረው ድርቅ ነው፣ ውኃ ስትሰጠው ይነሣል። እሷ ጋ ያስተኛው ብርዱ ነው። ለተኛ ሰው እንጀራ ብታቀርብለት ይበላል እንዴ?

ማታ ማጠጣቱንም ተው በላት። ቅጠሉ ረጥቦ ያድርና ሻጋታ ይጋብዛል። ጠዋት ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው ማጠጣት። ሲሆን ሲሆን አፈሩ ቀን እርጥበት ቢይዝ ለሌሊቱ ይጠቅማል፣ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛልና።


ጣና ዳር (ኅዳር 21)

እሺ ጌታዬ፣ የውርጩን ነገር አላውቅም ነበር። እኛ ጋ ብርድ ማለት ሹራብ መደረብ ነው። ግን ውኃው ስንት ይበቃታል ታዲያ? በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣልኝ ብላለች።


ባንጃ (ኅዳር 21)

ሣር እያደገ እንዲቆይ ከተፈለገ በሳምንት 25 ሚሊሜትር ያህል ይፈልጋል። አንድ ሚሊሜትር በአንድ ካሬ ላይ አንድ ሊትር ነው። 25 ጊዜ 60፣ 1,500 ሊትር። በ20 ሊትር ጄሪካን 75 ጄሪካን በሳምንት! ይህን ሁሉ አፍስሳ ሌሊት ውርጩ መጥቶ ይመታባታል። ለተኛ ሣር ግን ሐረጉ እንዳይደርቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በሁለት በሦስት ሳምንት አንዴ 10 ሚሊሜትር፣ ማለትም 30 ጄሪካን፣ አንዴ አርፎ እንዲጠጣ አድርጎ። በየቀኑ እፍ እፍ ማድረግ ሥሩን ወደ ላይ ያመጣዋል እንጂ አይጠቅምም። የልብስ ማለቅለቂያ ውኃም ይሆናል፣ የመጨረሻውን እጥበት፣ በረኪና የገባበትን ግን አታስጠጊው።


የቢቸና ልጅ (ኅዳር 22)

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገርና ልረፍ። የእኛ አባቶች ለአንድ ኩንታል ዩሪያ ስንት ቀን ተሰልፈው፣ ስንት ደጅ ጠንተው ነው የሚያገኙት። እናንተ ለሣር። ለማየት! አባትሽ ሰምተዋል? በሉ ይሄን ብዬ አልፌዋለሁ።

ስለ ጥቁሩ ክብ የጻፈልሽ ስለሌለ እኔ ልጻፍ። ኅዳር ማጠን ጥሩ ነው፣ አያቶቻችን በ1911 ዓ.ም. በዚያ የኅዳር በሽታ ያዩትን አይተው ነው፣ ማንም አይቃወምም። ግን ሣር ላይ አይነደድም። እሳቱ ቶሎ ካለፈ ከላይ ያለውን ነው የሚልሰው፣ ሥሩ ይተርፋል። ክምር ሆኖ ሲጨስ ከዋለ ግን አፈሩን ያበስለዋል። ምጣድ የሚያህል ካልሽ ሲጨስ የዋለ ነው። አመዱን መጀመሪያ ጠርገሽ አንሺ። አመድ በራሱ ክፉ አይደለም። እንጅባራና ባንጃ አካባቢ ቀይ አፈሩ አሲድ ስለሆነ ገበሬው ኖራ የሚጨምረው ለዚያ ነው፣ አመድም ትንሽ ትንሽ ቢበተን የኖራን ሥራ ያግዛል፣ ፖታሽም አለው። አንድ ቦታ ሲከመር ግን ጨው እንደማፍሰስ ነው።

ቅጠሉንስ ለምን አቃጠልሽው? ጉድጓድ ውስጥ ከፍግና ከታጨደው ሣር ጋር ደራርበሽ ውኃ ረጨት እያደረግሽ ብትተይው ሰኔ ላይ ለሣርሽ የሚሆን ብስባሽ ታገኝ ነበር፣ ዩሪያም አያስፈልግሽ። የባሕር ዛፉን ቅጠል ብቻ ለይው፣ እሱ ቶሎ አይበሰብስም።

ሰርጉን በተመለከተ መፍትሔው ቀላል ነው። ቄጤማ ጎዝጉዢበት! ጥር ላይ ቡናማ ሣር ያላየ ጎጃሜ የለም። ማን ነው ሰርግ መጥቶ ሣር የሚገመግመው? ጠላው ይቅጠን እንጂ የሣሩን ማን ያነሣዋል።


ስደተኛው (ኅዳር 23)

ሰላም ወገኖቼ። የደጀን ልጅ ነኝ፣ ሚኒሶታ ከከተምሁ ቆየሁ። ያቺን ቪዲዮ ሳላያት አውቃታለሁ። ስሕተቱ እኮ ትርጉሙ ላይ ነው!

እዚህ «ዊንተር» የሚሉትን ማሽኑ «ክረምት» ብሎ ይተረጉመዋል። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፣ ሰኔ ሐምሌ ነሐሴ፣ ሣር የሚፈነዳበት። የእነሱ ዊንተር ግን በረዶ ነው፣ ከኅዳር ታኅሣሥ ጀምሮ እስከ መጋቢት ሣሩ በረዶ ሥር ተቀብሮ ይቆያል። ስለዚህ «ከክረምት በፊት አዳብሩ» የሚለውን አንቺ በእኛ ክረምት ብትወስጂው ግንቦት መጨረሻ ላይ ትሰጪው ነበር፣ ያ እንኳ ባልከፋ። ጥቅምት ላይ ማድረግሽ ግን የነሱን ወር መከተልሽ ነው።

ወሩ ብቻም አይደለም፣ ሣሩም ሌላ ነው። እዚህ ያለው ብሉግራስ፣ ፌስኪውና ራይግራስ የሚሉት ዓይነት ነው። ብርድ ወዳድ ነው። ሐምሌ ላይ ሲሞቅ ይደክማል፣ በመስከረምና በጥቅምት አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው ነፍስ የሚዘራው። ቅጠሉ ማደጉን ቀንሶ ሥሩ ገና ሲሠራ ማዳበሪያ ስትሰጪው ያከማቸዋል፣ በረዶው ሲቀልጥ ይዞት ይነሣል። የአንቺ ኪኩዩና ሰርዶ ደግሞ ሙቀት ወዳድ ናቸው። ሲበርዳቸው ሱቃቸውን ዘግተው ይገባሉ። በዚያ ሰዓት የመጣን ናይትሮጅን የሚረከብ የለም።

የእኔን ሥራ ልንገራችሁ፣ ለወሬ ያህል። ጥቅምት ላይ በየሳምንቱ ቅጠል እጠርጋለሁ፣ ወይም በማሽኑ ደጋግሜ ሄጄበት እንደ ትምባሆ አደቅቀውና እዚያው እተወዋለሁ። ቅጠሉ ድርብርብ ሆኖ በረዶ ከወደቀበት ሥሩ ይሻግታል፣ በጸደይ ሲገለጥ ግራጫ ድር የለበሰ ክብ ክብ ታያላችሁ። የመጨረሻውን አጨዳ ከወትሮው አሳጥረዋለሁ፣ ረዥም ሣር በረዶ ሲጫነው ይተኛና እሱም ይሻግታልና። ከዚያ የመስኖውን ቧንቧ በአየር ነፍቼ ውኃውን አወጣለሁ፣ አለዚያ ረግቶ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል፣ አንድ ዓመት ረስቼው ያወጣሁትን ገንዘብ ለሚስቴም አልነገርኋት። ይኸው ነው። ከዚያ አምስት ወር በመስኮት ነጭ እያዩ መቀመጥ። በጥቅምት አንድ አጥንት ያሉት አያቶቻችን ሚኒሶታን ቢያዩ በሬ በሙሉ ይሉ ነበር።

እንግዲህ የእኔ «ሣሩን አሳጥረው» ለአንቺ አይሠራም። በረዶ ሊጫንሽ አይደለም። አንቺ ማስረዘም ነው ያለብሽ።


ባንጃ (ኅዳር 23)

ልክ ነው ወንድሜ፣ የአጨዳውን ነገር እኔ ረስቼው ነበር። ከመስቀል በኋላ ማጨጃውን ከፍ ማድረግ ነው፣ ስድስት ሰባት ሴንቲ ላይ። ረዘም ያለው ቅጠል ለታችኛው ሐረግ ጋቢ ይሆንለታል። በአንድ ጊዜም ከሢሶው በላይ አይቆረጥም፣ በማጭድም ይሁን በማሽን። አሁን ቡናማ ከሆነ በኋላ ግን ጨርሶ አትጨጂው። «አረንጓዴው ከሥር ይወጣል» ብለው የሚላጩት አሉ። ጋቢውን ገፈው ነው የሚያስተኙት።

ሌላው ጥቅምት ላይ መሠራት የነበረበት አፈሩን መውጋት ነው። ክረምቱን ሙሉ ተረግጦ ጠጥሯል። 12 ቁጥር ፌሮ ጫፉን አሹለሽ፣ በየአንድ ስንዝሩ አንድ ጣት ጥልቀት ወጋ ወጋ ማድረግ። ለውኃውም ለሥሩም መንገድ ይሆናል። አሁን ባይሠራም ከሰርጉ በኋላ ይሠራል፣ ያኔ በደንብ ትፈልጊዋለሽ።


የማርቆሷ (ታኅሣሥ 8)

አያ ባንጃ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉትን ሁሉ አደረግሁ።

ጨብጬ ስስበው እምቢ አለኝ፣ ከጥቁሩ ክብ በቀር። ክቡ ጋ እንደ ፀጉር ነው የተነቀለው። ሐረጉን ፋቅሁት፣ ነጭ ነው ውስጡ። በጣሳ ቆርጬ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ያስቀመጥሁት ደግሞ በ11ኛው ቀን መርፌ መርፌ የሚያህል አረንጓዴ አወጣ! ለእናቴ አሳየኋት። ጣሳውን አየች፣ ሣሩን አየች። «ታዲያ ጣሳ ላይ ነው ሰው የምንጠራው?» አለችኝ።

የግንቡ ቀዳዳም እውነትዎን ነው፣ በፌስታልና በጭቃ ተደፍኖ ነበር። ጠረግሁት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አመዳይ አይቻለሁ፣ ግንቡ ጋ እንደ ድሮው አልበዛም፣ ወይም እኔ ነኝ ደስ ብሎኝ እንደዚያ የመሰለኝ።

ለቢቸናው ልጅ፣ አባቴ ሰምቷል። እናንተ ባትነግሩትም ከረጢቱን ፈልጎ አጥቶት ነበር። ለሦስት ቀን አላናገረኝም።

ስደተኛው ወንድሜ፣ በክረምቱ ነገር ሳቅሁም አፈርሁም። እንደገና ከፍቼ አየሁት። ሰውየው ጓንት አድርጎ፣ ከአፉ እንፋሎት እየወጣ ነው የሚናገረው። እንዴት አላስተዋልሁም!

አሁን የቀረኝ ይኼ ጥቁር ክብ ነው። መግቢያው ጋ ነው ያለው፣ ሙሽሮቹ የሚያልፉበት። እስከ ጥር 17 የሚደርስ ምን ይተከላል?


የቢቸና ልጅ (ታኅሣሥ 8)

ገብስ!

ቀልዴን አይደለም። ኪኩዩ አሁን ብትተክዪ እስከ ሚያዝያ አይንቀሳቀስም። ገብስ ግን ጮቄ ላይ ውርጭ ችሎ የሚያድር እህል ነው። አንድ ሁለት ኪሎ ገብስ ሌሊቱን ዘፍዝፊው። አፈሩን በዶማ ቆፍረሽ የተቃጠለውን ገልብጪው፣ ከሌላ ቦታ ትንሽ አፈርና የደረቀ ፍግ ጨምሪ። ገብሱን ጥቅጥቅ አድርገሽ በትኚው፣ ለእርሻ እንደሚዘራው ሳይሆን ለብቅል እንደሚነጠፈው። ጣት ያህል አፈር አልብሺው። ወፍ እንዳይለቅመው ጭራሮ ጣል አድርጊበት። ታኅሣሥ 20 ብትዘሪው ለሰርጉ ከስንዝር አያንስም፣ ደማቅ አረንጓዴ። ለእሱ ብቻ በየሁለት ቀኑ ውኃ ስጪው፣ አንድ ጄሪካን ይበቃዋል። አይረገጥም እንጂ ለዓይን የሚስተካከለው የለም።


ጣና ዳር (ታኅሣሥ 9)

ሰርግ ቤት መግቢያ ላይ ብቅል! ይሄማ ለጠላውም ይሆናል።


ባንጃ (ታኅሣሥ 9)

ጥሩ መላ ነው፣ እኔም አላሰብሁትም ነበር። ስለ ድንኳኑ ልጻፍልሽና ልጨርስ።

ከሁለት ቀን በፊት ማጠጣት አቁሚ። እርጥብ አፈር ላይ ሦስት መቶ ሰው ሲጨፍር ጭቃ ይሆናል፣ ሲደርቅ ደግሞ ሲሚንቶ። ድንኳኑ በተቻለ መጠን ዘግይቶ ይተከል፣ በማግስቱ ወይ በሠልስቱ ይነሣ። የሚገርምሽ ሌሊት ሌሊት ድንኳኑ ልክ እንደ ወይራሽ ከውርጭ ይከልለዋል። ሣሩን የሚጎዳው ሳምንት ሙሉ ተረስቶ ሲቆም ነው። ጉልቻውና ምጣዱ ጓሮ ይሁን። ሣሩ ላይ የሚደፋ የፈላ ውኃ፣ የሥጋ ቅባት፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ እንዳይኖር ለአስተናጋጆቹ አስቀድመሽ ንገሪ፣ ማታ ሲደክማቸው የትም ነው የሚደፉት። ቄጤማው ይጎዝጎዝ፣ ለእግሩም ለሣሩም ትራስ ነው፣ ግን በማግስቱ ጥረጉት፣ ከሥሩ እንዳይታፈን።


የማርቆሷ (ጥር 23)

ሰርጉ አለፈ! ተመስገን።

ገብሱ እንዴት እንዳማረ ብታዩ። ስንዝር አልፏል፣ ክብ ስለሆነ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ሚዜዎቹ ሙሽራዋን እዚያ አቁመው ፎቶ ሲያነሡ እናቴ ለጎረቤት «የእኔ ልጅ ናት ያቀደችው» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ስለ ሣሩ ማንም ቃል አልተነፈሰም፣ ቄጤማው ሸፈነው። አንድ አጎቴ ብቻ ቄጤማውን በእግሩ ገለጥ አድርጎ አየና «ይኼስ ሰኔ ላይ ይነሣል» ብሎ ሄደ።

ድንኳኑ ግን እስከ ጥር 21 ቆመ። አከራዮቹ ነገ ነገ እያሉ። ከሥሩ የነበረው ትንሽ ገርጥቷል። አባቴ አኩርፎ ከከረመ በኋላ ፌሮ አሹሎልኝ፣ ትናንት ሁለታችን ሆነን ግማሹን ወግተን ውኃ አጠጣነው። ወይራው አጠገብ አንድ ሁለት ቦታ አረንጓዴ ጀምሮታል።

ማጨጃውን ግን ገና አልነካሁትም። መቼ ልጀምር?


ባንጃ (ጥር 23)

ውርጩ ማለቁን እስክታረጋግጪ ተይው። የካቲት መጨረሻ መጋቢት ላይ፣ አዲሱ ቅጠል ከቡናማው በልጦ ሲታይ፣ ያኔ ጫፍ ጫፉን። ገብሱንስ ምን አደረጋችሁት?


የማርቆሷ (ጥር 24)

በሠልስቱ የታሰረው በግ ገመዱን በጥሶ ጨረሰው። ክቡ ብቻ ቀርቷል፣ አሁን ግን መላጣ እንጂ ጥቁር አይደለም።